ዳገቱን ሞተር ሲያግዝ፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይስማማል?



ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ልጆች ናችሁ፤ "አባታችን ጡረታ ወጥተዋል፣ ድሮ ሳይክል ይወዱ ነበር፣ ሰፈራችን ዳገት ስለሆነ በባትሪ የሚሄደውን እንግዛላቸው ወይ?" ትላላችሁ። ሁለተኛዎቹ ራሳችሁ ባለቤቶቹ ናችሁ። እናንተ ደግሞ ትንሽ እያፈራችሁ "ሞተር ካገዘኝ በኋላ ስፖርት ሠራሁ ልል ነው?" ትላላችሁ።

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሰዎች ዳገት ላይ እገዛ መፈለግ ነውር ነው ወይስ ብልህነት ብለው በፈረንሳይ ተራሮች ሥር አጥብቀው ተከራክረዋል። ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ከታሪኩ ጋር አያይዤ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን መልስ ለሚቸኩል ሰው አስቀድሜ ልስጥ፦ አዎ፣ ጤናቸው ለተረጋጋ አብዛኞቹ አረጋውያን ይስማማል። ዳገት ላይ የሞተሩ እገዛ ልብን ያስተነፍሳል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ሳያስብበት በሚያልፈው ቦታ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ፣ ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ፣ ሲወጡበትና ሲወርዱበት።

ብስክሌት ሲጀመር ዳገት አይችልም ነበር

በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ በማንሃይም ከተማ ሁለት ጎማ ያለው የእንጨት መሣሪያ ነድቶ አሳየ። ፔዳልም ካቴናም አልነበረውም። ነጂው መሐል ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ከእግረኛ ይፈጥናል፤ ዳገት ሲመጣ ግን ወርዶ መግፋት ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ያለው ብስክሌት ለገበያ አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች የሚቀራረቡ፣ የኋላው ጎማ በካቴና የሚዞር ነበር። ቀደም ሲል የነበረው ብስክሌት የፊት ጎማው በጣም ትልቅ፣ መቀመጫውም ከፍ ያለ ስለነበር መውደቅ አጥንት ይሰብር ነበር። በ1888 ደግሞ ቤልፋስት ከተማ ይሠራ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማውን በስሙ አስመዘገበ። ደንሎፕ ይህን የጀመረው ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው፤ ጠንካራው ጎማ መንገዱ ላይ ሲንገጫገጭ ልጁን አስቸገረው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚሄድበት ጎማ የመጣው አንድ አባት ለልጁ ተጨንቆ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተሻሽሎ ዳገቱ ግን ቀረ። ብስክሌቱ አንድ ማርሽ ብቻ ስለነበረው ሜዳ ላይ የተስማማው ዳገት ላይ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ለዳገት የተስማማው ደግሞ ሜዳ ላይ እግርን በባዶ ያዞራል።

"ማርሽ የሽማግሌ ነው" የተባለበት ዘመን

በፈረንሳይ ሴንት ኤትየን በምትባል በኮረብታ በተከበበች ከተማ ፖል ደ ቪቪ የሚባል ሰው ነበር። በ1853 የተወለደ ሲሆን፣ የሐር ንግዱን ትቶ ወደ ብስክሌት ሥራ የገባ ነው። ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር፤ ከ1887 ጀምሮም የብስክሌት መጽሔት ያሳትም ነበር። የከተማው ዳገት ያስተማረውን ነገር በመጽሔቱ ደጋግሞ ሰበከ፦ ብስክሌት ከአንድ በላይ ማርሽ ያስፈልገዋል፤ ሰው ዳገት ላይ ራሱን መቅጣት የለበትም።

ቬሎስዮ ለብስክሌተኞች የሰጣቸው ምክሮች እስካሁን ይጠቀሳሉ። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይበርዳችሁ ልበሱ፣ ከአቅም በላይ አትታገሉ፣ ለታይታ ብላችሁ አትንዱ የሚል መንፈስ አላቸው። እኔም ዛሬ በዕድሜ ለገፋ ብስክሌተኛ ምክር ስጪ ብባል ከዚህ ብዙ አልርቅም። በተለይ የመጨረሻውን አሰምርበታለሁ፤ በስድሳና በሰባ ዓመት ዕድሜ ከሚደርሰው ጉዳት ቀላል የማይባለው ከወጣት ጋር ፉክክር በመግባት የሚመጣ ነው።

በሌላው ወገን የቆመው አንሪ ዴግራንዥ ነው። በ1903 የተጀመረው የቱር ደ ፍራንስ ውድድር መሥራች እሱ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጻፈው ጽሑፍ፣ የሚቀያየር ማርሽ ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ላለፈ ሰዎች ይሁንላቸው፤ ጎበዝ በጡንቻው ማሸነፍ አለበት የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ይህን ሲል እሱ ራሱ ገና አርባ አልሞላውም ነበር!

ቱር ደ ፍራንስ በ1910 ወደ ፒሬኔ ተራሮች ሲገባ ተወዳዳሪዎቹ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቱርማሌ መተላለፊያ እንዲወጡ ተደረገ። በዚያ ዘመን ማርሽ መቀየር የፈለገ ተወዳዳሪ ወርዶ፣ የኋላ ጎማውን ፈትቶ፣ አገላብጦ ነበር የሚገጥመው። ከባዱ ዳገት ላይ የዓለም ጎበዞች ወርደው ብስክሌታቸውን ገፍተዋል። እንደዛሬው በጉዞ ላይ የሚቀየር ማርሽ በውድድሩ የተፈቀደው በ1937 ነው።

ዛሬ ባለ ማርሽ ብስክሌት የሚነዳን ሰው "አጭበረበርክ" የሚል የለም። ስለዚህ "ሞተር ካገዘኝ ስፖርት አይደለም" ብላችሁ የምታፍሩ አባቶችና እናቶች፣ ይህ ሐፍረት ከእናንተ በፊት በማርሽ ላይም እንደነበረ እወቁት።

እርግጥ አንድ ልዩነት አለ፤ መደበቅ የለብኝም። ማርሽ ጉልበት አይጨምርም፣ ያላችሁን ጉልበት በሚመች ልክ ይከፋፍለዋል። ሞተር ግን ከውጭ ጉልበት ያመጣል። እንግዲያውስ የእናንተን ድርሻ ይወስዳል ማለት ነው? ይህን ለመመለስ ሞተሩ እንዴት እንደተለወጠ ማየት አለብን።

ሞተሩ የእግርን ሐሳብ እስኪረዳ ድረስ

አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን የኋላ ጎማው መሐል ሞተር የተገጠመለት፣ በ10 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ብስክሌት ያስመዘገበው ታኅሣሥ 31 ቀን 1895 ነው። አዎ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የስልክና የላፕቶፕ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ሆኖም ሁለት ችግር ነበረበት። የመጀመሪያው ባትሪ ነው። የዘመኑ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ከፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ የመጣ ነው፤ ዛሬም መኪና ውስጥ የምናየው ዓይነት፣ ከባድ ነው። ዳገት እንዲያግዝ የተጫነው ባትሪ ራሱ ሌላ ሸክም ይሆናል። ሁለተኛው ችግር ሞተሩ የነጂውን እግር አለማወቁ ነው። ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ ሰውየው ከፔዳሉ ጋር ያለው ነገር አይገባውም።

ለውጡ የመጣው ከጃፓን ነው። በ1993 ያማሃ ኩባንያ ፓስ ብሎ የሰየመውን ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ይህ ብስክሌት ነጂው ፔዳሉን በምን ያህል ኃይል እንደረገጠ ይለካል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ያግዛል። ካልረገጣችሁ አያግዝም፤ ስታቆሙ ያቆማል። በጃፓን ከተሞች ልጆቻቸውን ከፊትና ከኋላ ጭነው የሚሄዱ እናቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብዙ ተጠቀሙበት።

በሌላ በኩል ሶኒ በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ አብቅቶ ነበር። ይህ ባትሪ በጊዜ ሂደት ወደ ብስክሌት ሲገባ የክብደቱ ችግር ቀለለ። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ሦስት ሰዎች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ጆን ጉድኢነፍ ሽልማቱን ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር፤ ከኖቤል ተሸላሚዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ሽማግሌዎችን ዳገት የሚያወጣው ባትሪ የአንድ ሽማግሌ እጅ አለበት።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው ደንብ ደግሞ፣ እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝና ፍጥነቱ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ እገዛውን የሚያቋርጥ መሆን አለበት። ይህን ደንብ አስታውሱት፤ ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

ታዲያ ልባችን ምን ያገኛል?

አንድ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል። ይህ የእርምጃ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ብስክሌት መንገዳገድ ይጀምራል። ለዚህ ብቻ ወደ 120 ዋት ጉልበት ያስፈልጋል። ለሠለጠነ ወጣት ቀላል ነው። ስፖርት ለማያዘወትር የሰባ ዓመት ሰው ግን የአቅሙ ጣሪያ አካባቢ ነው።

ዕድሜ ሲጨምር የልብ ከፍተኛ ምት ይቀንሳል፤ በሰባ ዓመት በአማካይ በደቂቃ ወደ 160 ገደማ ይወርዳል። ሳንባና ጡንቻ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸውም እንደዚያው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ቀላል የነበረው ጉዞ አንድ ዳገት ሲመጣ ድንገት ከባድ ይሆናል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ደም ግፊት ይወጣል። ተራራማ አካባቢ የሚኖር ሰው በዕድሜው ብስክሌት የሚተወው በአብዛኛው ሜዳው አቅቶት ሳይሆን መንገዱ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ዳገቶች አስፈርተውት ነው።

ሞተሩ ከ120ው ዋት ግማሹን ቢሸከም የእናንተ ድርሻ ወደ 60 ይወርዳል። ይህ ለሰውነት ፈጠን ካለ የእግር ጉዞ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው፤ ሐኪሞች "መካከለኛ እንቅስቃሴ" የምንለው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉትም ጭምር በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሞተሩ ሥራውን ከእናንተ አልወሰደም፤ ሥራው ልባችሁ በደህና ሊሠራው በሚችልበት ክልል እንዲቆይ አደረገ።

ጥናቶችም ይህን ይደግፋሉ። በ2019 የታተመና በሰባት የአውሮፓ ከተሞች የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚሄዱ ሰዎች በሳምንት የሚያደርጉት ጠቅላላ እንቅስቃሴ በተራ ብስክሌት ከሚሄዱት ጋር ተመሳሳይ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስለሚቀላቸው ራቅ ያለ መንገድ ይሄዳሉ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 83 በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ነበር። ተሳታፊዎቹ ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነዱ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የነዱትም በአንዳንድ የአእምሮ ሥራ መለኪያዎችና በመንፈስ ደኅንነት መሻሻል አሳዩ። አጥኚዎቹ የጡንቻው ሥራ ብቻ ሳይሆን ከቤት መውጣቱም ራሱ ሳይጠቅም እንዳልቀረ ገምተዋል። ጡረታ ወጥቶ ቤት የዋለ አባት ያለው ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል።

ቁልቁለቱን ግን ብቻችሁን ናችሁ

እስከዚህ የነገርኳችሁ ደስ የሚለውን ነው። አሁን ጥንቃቄው።

ኔዘርላንድስ የብስክሌት አገር ናት። በ2017 በዚያች አገር በብስክሌት አደጋ የሞቱት 206 ሰዎች፣ በመኪና ውስጥ ሆነው የሞቱት 201 ነበሩ። ከሟች ብስክሌተኞች ሩብ ያህሉ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ የነበሩ ሲሆን ከእነሱም አብዛኞቹ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። ቁጥሩን በአግባቡ እንረዳው፤ ብዙ አረጋውያን ስለሚነዱ፣ ረጅም መንገድም ስለሚሄዱ ቁጥሩ መጨመሩ አይገርምም። በዕድሜ የገፋ አጥንትና አንጎል ወጣት ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ በሚሄድበት አወዳደቅ ሊጎዳ ይችላል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኔዘርላንድስ ሜዳ ናት። እኛ እያወራን ያለነው ስለ ዳገት አገር ነው፤ ዳገት ያለበት ሁሉ ደግሞ ቁልቁለት አለው።

ሞተሩ የሚያግዘው ሲወጣ ነው። ሲወረድ ሥራው የፍሬን፣ የዓይን፣ የእጅና የሚዛን ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከያዙ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በራሱ ጉልበት ዳገቱን የወጣ ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ አቅሙን ያውቃል። በሞተር እገዛ የወጣ ሰው ግን ያለ እገዛ ፈጽሞ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ራሱን ሊያገኝ ይችላል፤ ከዚያ መውረድ አለበት። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ብስክሌት ስታስቡ "ዳገቱን ይወጡታል ወይ?" ከሚለው በፊት "ቁልቁለቱን ተረጋግተው ይወርዱታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው አደጋ ሲወጡበትና ሲወርዱበት፣ ወይም መብራት ላይ ቆመው ሲነሡ የሚደርሰው ነው። እግርን በኮርቻው ላይ አሻግሮ መቀመጥ ለጠነከረ ዳሌና ጉልበት ይከብዳል። ከባድ ብስክሌት ወደ ጎን ሲያዘነብል በአንድ እግር መመለስ አይቻልም። ሞተሩ ደግሞ ፔዳሉ ገና ሲነካ ድንገት ወደፊት ሊስብ ይችላል።

የቬሎስዮን መጨረሻም ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ተራራ ያልገደለው ሰው በ1930፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በዚያው በሴንት ኤትየን መንገድ ላይ ብስክሌቱን ይዞ በእግሩ እየሄደ መኪና ሲሸሽ በትራም ተገጭቶ ሞተ። ዳገት ያስፈራናል፤ የሚገድለን ግን ብዙውን ጊዜ መንገዱ ነው።

በእኛ ከፍታ ሲሆን

ስዊዘርላንድ ውስጥ ከሎዛን እስከ ሮርሻክ በኮረብታዎች መሐል የሚያልፍ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የብስክሌት መንገድ አለ። ስሙ በጀርመንኛ "የልብ መንገድ" ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን ተጓዡ በየጣቢያው ባትሪ መቀየር ይችላል። ይህን ያነሣሁት ዳገት፣ ዕድሜና ብስክሌት አብረው መሄድ እንደሚችሉ ስለሚያሳይ ነው፤ ጸጥ ያለ መንገድና የታሰበበት ዝግጅት ካለ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከተወዳዳሪዎቻችን መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በልጅነታቸው ሰፈር ውስጥ ሳይክል በደቂቃ እየተከራዩ የነዱ ዛሬ ጡረታ የወጡ አባቶችም ጥቂት አይደሉም። ፍቅሩ አለ። ሁለት ነገር ግን ከአውሮፓ ይለየናል።

አንደኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ነዋሪው ለምዶታል። ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለእረፍት የሚመጡ ወላጆች ግን አልለመዱትም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በእግር ጉዞ ብቻ አሳልፉ፤ እንጦጦን ለኋላ አቆዩት።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ለብስክሌት የተለየ መስመር በሌለበት፣ ታክሲና ሚኒባስ በሚጋፋበት ዳገት ላይ የሞተር እገዛ አደጋውን አይቀንሰውም። ለመዝናኛ የሚነዳ ሰው ጊዜና ቦታ መምረጥ ይችላል። እሑድ ማለዳን፣ ጸጥ ያለ መንደርን፣ የተከለለ መናፈሻን ምረጡ።

ሐኪም ሳያያችሁ አትጀምሩ የምላችሁ

• ስትራመዱ ወይም ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨምቃችሁ ወይም ያለልክ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ
• በቅርቡ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠማችሁ፣ የልብ ድካም ያለባችሁ
• የደም ግፊታችሁ በመድኃኒት ገና ያልተስተካከለ
• ከመቀመጫ ስትነሡ የሚያዞራችሁ፣ ራሳችሁን የሳታችሁ ወይም በዚህ ዓመት የወደቃችሁ
• ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ። ከመውጣታችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ስኳር ከስፖርት በኋላ ሰዓታት ቆይቶም ሊወርድ ይችላል
• ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ። ጭንቅላታችሁ ከተመታ ምንም ባይሰማችሁም የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ
• የአጥንት መሳሳት፣ የዓይን ሞራ ወይም አንገት ማዞር የሚከለክል ችግር ያለባችሁ

አንዳንድ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች የልብ ምት እንዳይጨምር ይይዛሉ። ስለዚህ የእጅ ሰዓታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የተሻለው መለኪያ ወሬ ነው፤ እየነዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልኩ ነው። ቃል እየቆራረጣችሁ ከሆነ እገዛውን ጨምሩ ወይም ቁሙ። የደረት ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ወርዳችሁ እርዳታ ጥሩ፤ "እስከ ቤት ልድረስ" አትበሉ።

ስትገዙና ስትጀምሩ

1. ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዘውን ምረጡ። እንደ ሞተር ሳይክል ጋዝ እየሰጡ የሚሄዱበት ለጤና ብሎ ለሚነዳ ሰው አይሆንም፤ እግር ሥራ ይፈታል፣ ፍጥነቱም ያመልጣል።
2. መሐሉ ዝቅ ያለ፣ እግር ሳያነሡ የሚገቡበት ዓይነት ይሁን። ለአባቶችም ጭምር፤ "የሴት ሳይክል" የሚል ወሬ ዳሌ ከመሰበር አይበልጥም።
3. ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁ መሬት በደንብ መንካት አለበት። ጉልበት የሚያማችሁ ከለመዳችሁ በኋላ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ በጣም ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ይጎዳል።
4. ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ዳገት ላይ ግፉት። ባትሪ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ መግፋት ካልቻላችሁ ከብዷችኋል።
5. ፍሬኑን ባለሙያ ያሳዩ፤ ቁልቁለት ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ደጋግማችሁ አስፈትሹ። ቁልቁለት ስትወርዱ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፤ ከኩርባው በፊት ቀንሱ።
6. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሜዳና ባዶ ቦታ ላይ ተለማመዱ። መነሣት፣ መቆም፣ መውረድን ደጋግሙ። እገዛውን በዝቅተኛው ጀምሩ።
7. ሄልሜት ያለ ድርድር። ደማቅ ልብስ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ውኃም እንዲሁ።
8. ባትሪውን በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ ከመውጫ በርና ከመኝታ ክፍል አርቃችሁ ቻርጅ አድርጉ። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውኃ የገባበትን አትጠቀሙ፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት በቀላሉ አይጠፋም።
9. የልጅ ልጆች አያት ሳያዩ እንዳይነዱት ቁልፉን አንሡ። ለእነሱ ከባድም ፈጣንም ነው።

ለልጆች አንድ ቃል ልጨምር። ስጦታው ብስክሌቱ ብቻ እንዳይሆን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብራችሁ ሂዱ፤ ቁልቁለቱ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ። ካልተረጋጉ ደግሞ ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለ፤ እሱም ካልሆነ የእግር ጉዞ ምንጊዜም አለ። ነገሩን በክብር ንገሯቸው፤ "አርጅተሃል" እንደተባሉ እንዳይሰማቸው።

ለእናንተ ለአባቶችና ለእናቶች ደግሞ ይህን እላለሁ፦ በሞተር ታግዛችሁ ዳገቱን መውጣታችሁ አያሳፍርም። የሚቆጨው እገዛው እያለ ቤት ተቀምጦ ጉልበትን ማስረጀት ነው። ዳገቱን ታግዛችሁ ውጡ፤ ቁልቁለቱን ፍሬናችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

ወላጆቻቸው ይህን ብስክሌት ለሚያስቡላቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩት። ስለ ራሳችሁ መድኃኒትና ሕመም ለይታችሁ ለመወሰን ግን የሚከታተላችሁን ሐኪም አማክሩ።

ጤናችሁ ይብዛ!